የቴክኒክ ባለሙያ ለመቅጠር ኤቲኤስ ስትመርጡ፦ ዴሞውን ሳታምኑ እንዴት ትፈትኑታላችሁ

ኤቲኤስ፣ ማለትም የአመልካቾች መከታተያ ሶፍትዌር፣ ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ማን አመለከተ? የት ደረሰ? ማን ኢንተርቪው አደረገው? ምን ተባለለት? ቀጥሎስ? ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ይይዝላችኋል፤ በቃ። የሚከብደው ምርጫው ነው። ሻጮቹ ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያሳዩት፤ የአመልካቹ ካርድ ከግራ ወደ ቀኝ ይጎተታል፣ ግራፉ ቀለም ይቀያይራል፣ ሁሉም ያምራል። እስካሁን ዴሞ ላይ የተበላሸ ሶፍትዌር አላጋጠመኝም።

እኔ ይህን ምርጫ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ። መራጮቹ እኔና የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባዬ ብቻ ነበርን፤ ለእኛ ተመችቶን ነበር። ኢንተርቪው የሚያደርጉት ኢንጂነሮች ግን አንዴ ገብተው አዩት፣ ወጡ፣ ወጥተው ቀሩ። አስተያየታቸውን በቻት ይልኩልናል፤ እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን ኮፒ እያደረግን ሲስተሙ ውስጥ እንለጥፋለን። ዓመቱን ሙሉ የተከፈለበት ሶፍትዌር ውድ ማስታወሻ ደብተር ሆኖ ቀረ።

ያኔ የገባኝ ነገር አለ። የቴክኒክ ሰው ቅጥር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አመልካች ጠፍቶ አይደለም። ኢንተርቪው ካለቀ በኋላ ኢንጂነሩ አስተያየቱን እስኪጽፍ ድረስ በሚባክኑት ቀናት ነው። ጎበዝ ፕሮግራመር ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይጠብቃችሁም፤ ሌላ ሁለት ቦታ ኢንተርቪው ላይ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩን መፈተን ያለበት ሪፖርት የሚያየው ሰው ሳይሆን በየቀኑ የሚጽፍበት ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

1. መጀመሪያ የመጨረሻውን ቅጥራችሁን ቀን በቀን ጻፉት

አንድም ሶፍትዌር ከማየታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። በቅርብ የቀጠራችሁትን አንድ ፕሮግራመር ውሰዱ፤ ቢቻል በመጨረሻ ሰዓት ያመለጣችሁንም አንድ ሰው ጨምሩ። ኢሜይላችሁንና ካላንደራችሁን ክፈቱና ቀኖቹን አውጡ። መቼ አመለከተ፣ ሲቪው መቼ ተነበበ፣ መቼ ተደወለለት፣ የኮድ ፈተናው መቼ ተላከለት፣ መቼ መለሰው፣ ማን መቼ አረመው፣ ኢንተርቪው መቼ ተደረገ፣ አስተያየቱን ለመጻፍ የመጨረሻ የነበረው ሰው መቼ ጻፈ፣ የቅጥር ደብዳቤው መቼ ወጣ። አንድ ወረቀት ይበቃል።

አሁን ረጅሙን ክፍተት ፈልጉ። ሲቪው ሳይነበብ ሳምንት ከተቀመጠ ችግራችሁ ማጣራት ላይ ነው፤ ጥሩ የሲቪ ንባብና ፍለጋ ያለው ሶፍትዌር ያስፈልጋችኋል። ኢንተርቪው ለመያዝ አሥር ኢሜይል ከተጻጻፋችሁ ችግሩ ቀጠሮ ነው፤ አመልካቹ ራሱ ክፍት ሰዓት አይቶ የሚይዝበት ነገር ይፈለጋል። አስተያየት ከዘገየ፣ ወደ ቁጥር 6 ሂዱ፣ ዋናው እዚያ ነው። የቅጥር ደብዳቤው ፊርማ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የዞረ እንደሆነ ደግሞ በሲስተሙ ውስጥ የማጽደቅ ሂደት መኖሩን ታያላችሁ። ክፍተቱ ኃላፊው መወሰን ስላቃተው የመጣ ከሆነስ? እሱን የሚያስተካክል ሶፍትዌር የለም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ይህ ወረቀት ቀላል ይመስላል፤ ግን ሻጩ ሠላሳ ነገር ሲያሳያችሁ “ለእኛ የሚያስፈልገን ይቺ ናት” ለማለት ድፍረት የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

2. ምናልባት አያስፈልጋችሁም

በዓመት ሁለት ሦስት ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ የጋራ ኤክሴል እና በወጉ የተደራጀ ፎልደር ይበቃችኋል። የምሬን ነው። ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ አመልካች ጋ ሳይነጋገሩ ሲደውሉ፣ የአንድ ሰው ሲቪ በአምስት ኢሜይል ውስጥ ተበትኖ ሲገኝ፣ ወይም “ያ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ የወጣው ልጅ ማን ነበር?” ተብሎ የሚያስታውስ ሲጠፋ፣ ያኔ ጊዜው ደርሷል።

3. ሦስት ብቻ አስቀሩ

ገበያው ሰፊ ነው፤ ግን በሦስት ጎራ ቢከፈል አይከብድም። አንደኛው ትልልቆቹ የሰው ኃይል ሲስተሞች ናቸው፤ ወርክዴይ፣ ኦራክል፣ የኤስኤፒው ሰክሰስፋክተርስ። ደመወዙም፣ ፈቃዱም፣ ቅጥሩም አንድ ላይ ነው። ድርጅታችሁ ቀድሞውኑ እዚያ ውስጥ ካለ የቅጥሩን ክፍል መጨመር ለፋይናንስ ክፍል ይጣፍጣል፤ ለኢንጂነሮች ግን ሁልጊዜ አይጣፍጥም። ሁለተኛው ለቅጥር ብቻ የተሠሩት ናቸው፤ ግሪንሃውስ፣ ሌቨር፣ አሽቢ፣ ወርከብል፣ ቲምቴለር እና መሰሎቻቸው። የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ወደዚህ ነው። ሦስተኛው እንደ ኦፕንካትስ ያለ ክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ ኦዱም የቅጥር ሞጁል አለው። ክፍት ምንጭ “ነጻ ነው” ሲባል ተጠንቀቁ። ሰርቨሩን የሚያዘምን፣ ባክአፕ የሚይዝ፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ በሌሊት የሚነሳ ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ ግን የማይናቅ ምርጫ ነው።

ከሦስቱ ጎራ የትኛው እንደሚሆናችሁ ከወሰናችሁ ከዚያው ጎራ ሦስት ምርት ምረጡ። አምስት አይሁን። አምስት ዴሞ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይረሳዋል።

ሻጩን ስታገኙት ደግሞ የእሱን ዴሞ ሳይሆን የእናንተን ጥያቄ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። “ይህን የቅጥር ሂደታችንን ከላይ እስከ ታች አሳየኝ፤ ወረቀቱ ይኸው።” እዚህ ላይ የሚንተባተብ ካለ ራሱን አስወጣ ማለት ነው።

4. አስቸጋሪ ሲቪ ስጡት

ይህ የምወደው ክፍል ነው። የሙከራ አካውንት ሲሰጣችሁ ሻጩ ባዘጋጃቸው ንጹሕ ሲቪዎች አትሞክሩት። የራሳችሁን አሥር የሚያህሉ አዘጋጁ። የሰው ሲቪ ስለሆነ ስሙን፣ ስልኩንና አድራሻውን ቀይሩት፤ የሙከራ ሲስተም ውስጥ የእውነተኛ ሰው መረጃ መጣል ደግ አይደለም።

ምን ምን ይኑርበት? ሁለት ዓምድ ያለው ፒዲኤፍ። አንዳንድ አንባቢ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ስለሚያነበው የሥራ ልምዱና የቋንቋ ችሎታው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነው ይወጣሉ። ስካን የተደረገ ሲቪ፤ እሱ ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ስለሆነ ሲስተሙ ፊደል ከምስል የማንበብ አቅም ከሌለው ባዶ ነው የሚያሳያችሁ። ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ የተሠራ ሲቪ ይኑር፤ ኢንጂነሮችና ተመራማሪዎች ይወዱታል። ላቴክ በእንግሊዝኛ ኤፍ እና አይ ፊደሎችን አጣብቆ እንደ አንድ ምልክት ስለሚያትማቸው በአንዳንድ አንባቢ ላይ ቃሉ መሐሉ ተጎርዶ ይገኛል። ከዚያ “ሰርተፊኬት” ብላችሁ ስትፈልጉ ሰውየው አይመጣም። በላቲን ፊደል ያልተጻፈ ስምም አስገቡ፤ ግዕዝም ዓረብኛም ቻይንኛም ቢሆን። የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ጥሩ ምልክት አይደለም። የቤተሰብ ስም የሌለው ሰውም ማመልከት መቻል አለበት፤ ቅጹ “የአያት ስም ካልሞላህ አላሳልፍህም” የሚል ከሆነ አመልካቹ የሆነ ነገር ፈጥሮ ይሞላል፤ እናንተም ደብዳቤ በተሳሳተ ስም ትጽፋላችሁ።

ቀጥሎ ፍለጋ። ለቴክኒክ ቅጥር እዚህ ላይ ነው ብዙዎቹ የሚወድቁት። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ፈልጉ። አንዳንድ የፍለጋ ሞተር የመደመር ምልክቶቹን እንደ ነጥብ ይቆጥርና ይጥላቸዋል፤ ስለዚህ ሲ የሚል ፊደል ያለበትን ሁሉ ያመጣላችኋል። ሲ ሻርፕም ያው ነው። ዶት ኔት ስትሉ ነጥቧ ትጠፋና “ኔት” ይቀራል። ጃቫ ስትሉ ጃቫስክሪፕት የጻፉት ሁሉ ከተግተለተሉ ሲስተሙ ቃሉን ሙሉውን ሳይሆን መነሻውን ብቻ ነው የሚያየው። ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ በእንግሊዝኛ “ሂድ” ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሽያጭ ክፍል ያለ ሰው ሁሉ ፕሮግራመር ሆኖ ሊመጣባችሁ ይችላል። አር የሚባለው አንድ ፊደል ስለሆነ ጭራሽ የማይፈለግበት ሲስተም አለ። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ሲስተሙ ክህሎትን በመለያ መያዝ መቻሉ ነው፤ ማለትም አንባቢው ወይም አመልካቹ ራሱ ክህሎቱን ከዝርዝር ይመርጣል፣ ፍለጋው በመለያው ላይ ይሆናል። መለያ ያለው ካልሆነ ሺህ ሲቪ ሲጠራቀም ትቀጣላችሁ።

አንድ ሰው በሁለት ኢሜይል ሁለት ጊዜ ሲያመለክትም ሞክሩት። ሲስተሙ “ይሄ ሰው ያው አይደለም እንዴ?” ብሎ ይጠይቃችኋል ወይስ ሁለት ሰው አድርጎ ያስቀምጠዋል? ሁለቱን ካዋሃዳችሁ በኋላ የድሮው ኢንተርቪው ማስታወሻ አብሮ መምጣቱንም አረጋግጡ።

5. ስልካችሁን አውጡና አመልክቱ

ሲስተሙ ላይ የሙከራ ሥራ ማስታወቂያ ለጥፉ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ተነሱና በስልክ አመልክቱ። ሰዓት ያዙ። አካውንት ክፈት፣ የይለፍ ቃል ፍጠር፣ ኢሜይልህን አረጋግጥ፣ ሲቪህን ጫን፣ አሁን ደግሞ ሲቪው ውስጥ ያለውን ሁሉ ድጋሚ በእጅህ ሙላ የሚል ከሆነ፣ ሥራ ያለውና እናንተን ብዙም የማይፈልጋችሁ ጎበዝ ኢንጂነር ሁለተኛው ገጽ ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል። የሚቀሩላችሁ ምርጫ የሌላቸው ብቻ ይሆናሉ። ጥሩ ቅጽ ስም፣ ኢሜይል፣ ሲቪ፣ ምናልባት የጊትሃብ ሊንክ ይጠይቃል፤ ሌላውን በኋላ ይጠይቃል።

ካመለከታችሁ በኋላ የሚመጣውን ኢሜይል ተመልከቱ። ስፓም ውስጥ ገባ? ይህ ብዙ ጊዜ የእናንተ ጥፋት ነው። ሶፍትዌሩ በድርጅታችሁ ስም ነው ኢሜይል የሚልከው፤ ስለዚህ በዶሜይናችሁ ቅንብር ላይ ኤስፒኤፍ እና ዲኪም የሚባሉት መዝገቦች ሻጩን እንዲያውቁት መደረግ አለበት። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ የኢንተርቪው ጥሪ ሁሉ ስፓም ውስጥ ሲከማች “አመልካቾች አይመልሱልንም” እያሉ ወር የሚያማርሩ አሉ። ነገሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሻጩን “የዶሜይን መመሪያ ላክልን” በሉት።

6. ፎርም የሚጠሉ ሁለት ኢንጂነሮች ፈልጉ

ከዚህ በላይ ያለውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ። በቡድናችሁ ውስጥ ቅጽ መሙላት የሚያንገሸግሻቸው ሁለት ሰዎች አይጠፉም። እነሱን ጥሩ። ትዕግሥተኛውን አትጥሩ፤ ትዕግሥተኛው ምንም ብትሰጡት ይሞላል፣ ምንም አይነግራችሁም።

የውሸት ኢንተርቪው አድርጉ፤ አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ አመልካች ሆኖ ይጫወታል። ከዚያ ዝም ብላችሁ ከኋላ ቁሙና ተመልከቱ። ካላንደሩ ላይ ካለው ቀጠሮ ተነስቶ ምዘና ቅጹ ጋ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይጫናል? ሲቪው፣ ጥያቄዎቹና መጻፊያው አንድ ስክሪን ላይ ናቸው ወይስ ሦስት ታብ እየቀያየረ ነው? ጽፎ ሳይጨርስ ኢንተርኔት ቢቋረጥ የጻፈው ይጠፋል? ኮድ ሲለጥፍበት ምን ይሆናል? ይህን የመጨረሻውን በደንብ እዩት። ብዙ ሲስተም ባዶ ቦታዎችን ስለሚያጠፋቸው የፓይተን ኮድ ሲለጠፍበት ውልግድግድ ብሎ ይወጣል፤ ፓይተን ደግሞ ትርጉሙ ያለው እዚያው ባዶ ቦታው ላይ ነው። ኢንጂነሩ አንዴ ይህን ካየ ቻት ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ እኔ የምነግራችሁ ከደረሰብኝ ነው።

ሁለት ነገር እንደ ግዴታ ያዙ። አንደኛ፣ አንድ ጠያቂ የራሱን አስተያየት ሳያስገባ የሌሎቹን ማየት መቻል የለበትም። ካየ፣ በተለይ ቀድሞ የጻፈው አለቃው ከሆነ፣ የሚጽፈው የራሱን ሳይሆን የአለቃውን ነው። ሁለተኛ፣ ቅጹ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት መመዘኛ እንዲይዝ ማድረግ ይቻል፤ “ችግር መተንተን”፣ “የኮድ ጥራት”፣ “ማስረዳት” እያላችሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ ነጥብ ብቻ ሳይሆን ነጥቡን ያሰጠው ምን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። ይህ የቢሮክራሲ ፍቅር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የቀደሙ የቅጥር ጥናቶችን እንደገና ሲያሰሉ የሥራ ብቃትን በመተንበይ ከሁሉም ቀድሞ የተገኘው ወጥ ጥያቄና ወጥ ምዘና ያለው ኢንተርቪው ነው። የልምድ ዓመት ብዛት ግን ከዝርዝሩ ታች አካባቢ ነበር። እኛ ግን ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ የምንጽፈው የዓመቱን ብዛት ነው።

ሲስተሙ ሰውን የሚያስታውስበትንም መንገድ ሞክሩ። ኢንተርቪው ካለቀ በኋላ ቅጹን ያልሞላውን ሰው ማን ይነዘንዘዋል? እናንተ ከሆናችሁ ሶፍትዌር አልገዛችሁም። እንደ ስላክ ወይም ቲምስ ባለ የሥራ ቻት ላይ ራሱ ሊንኩን ይዞ የሚመጣ፣ ሲጫኑት ቀጥታ ቅጹን የሚከፍት መሆን አለበት።

የኮድ ፈተና የምትሰጡ ከሆነ ሃከርራንክ፣ ኮዲሊቲ ወይም ኮደርፓድ ከሲስተሙ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ጠይቁ። “ይገናኛል” የሚለውን መልስ እንዳትቀበሉ። ፈተናው ከዚያው ሆኖ ይላካል? ውጤቱ ራሱ ይመለሳል ወይስ ሊንክ ብቻ? ውጤቱን ለማየት ኢንጂነሩ ሌላ የሚከፈልበት አካውንት ያስፈልገዋል? “ይገናኛል” በሚለው ቃል ሥር ብዙ ነገር ይደበቃል።

7. “ኤአይ ያጣራላችኋል” ሲሏችሁ

አሁን ሁሉም ሻጭ ይህን ይላል። ሲቪዎቹን ከአንድ እስከ መቶ ደርድሮ ያመጣላችኋል። ደስ ይላል። ግን አንድ ታሪክ አስታውሱ፤ ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደዘገበው አማዞን ለቅጥር የሠራው ሲስተም አሥር ዓመት ከተጠራቀሙ ሲቪዎች ተምሮ፣ አብዛኞቹ አመልካቾች ወንዶች ስለነበሩ፣ “የሴቶች” የሚል ቃል ያለበትን ሲቪ ነጥብ መቀነስ ጀመረ። ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ተወው። ማሽኑ ያለፈውን ቅጥራችሁን ነው የሚደግምላችሁ፤ ያለፈው ቅጥራችሁ ጥሩ ካልነበረ ስህተቱን በፍጥነት ትደግሙታላችሁ ማለት ነው።

ሕጉም እየመጣ ነው። የኒውዮርክ ከተማ ሕግ ቁጥር 144 ቅጥር ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠቀም ቀጣሪ በገለልተኛ አካል የአድልዎ ምርመራ እንዲያስደርግና ለአመልካቹም እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ማስፈጸም የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የኤአይ ሕግ ቅጥርን ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ሥራዎች ይመድበዋል። አመልካቾቻችሁ ከየትም ሊሆኑ ስለሚችሉ “እኛን አይመለከተንም” ከማለታችሁ በፊት የሕግ ሰው ጠይቁ። ለሻጩ የምታቀርቡት ጥያቄ ግን ቀላል ነው። ይህን ሰው ለምን አርባኛ እንዳደረግከው ልታስረዳኝ ትችላለህ? ማየት እችላለሁ? ማጥፋትስ እችላለሁ? ሦስቱንም “አዎ” የማይል ከሆነ ደረጃ መስጫውን ዝጉትና ቀሪውን ተጠቀሙ።

ከኤአይ ይልቅ እኔ የምፈራው ተራውን ማጣሪያ ነው፤ “ከአምስት ዓመት በታች ልምድ ያለው ሁሉ በራሱ ይውጣ” የሚለውን። እ.ኤ.አ. በ2020 ፋስትኤፒአይ የሚባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያ ፈጣሪ ሴባስቲያን ራሚሬዝ፣ ከአራት ዓመት በላይ የፋስትኤፒአይ ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ አይቶ፣ እሱ ራሱ ከሠራው ገና ዓመት ተኩል ስለሆነው ማመልከት እንደማይችል ትዊተር ላይ ጽፎ ነበር። ሳቅን። ግን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ማጣሪያ ሲታሰርበት ሲስተሙ ፈጣሪውን ራሱን ሳያስነብባችሁ ያባርረዋል፤ እናንተም አታውቁትም። ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩልና አክሰንቸር በ2021 ባወጡት ጥናት ከተጠየቁት ቀጣሪዎች 88 በመቶው ብቁ የሆኑ ከፍተኛ ባለሙያዎች መስፈርቱን ቃል በቃል ስላላሟሉ ብቻ እንደሚጣሩባቸው አምነዋል። ስለዚህ በራሱ የሚያባርር ማጣሪያ እንደ ሥራ ፈቃድ ላለ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ብቻ ይሁን። የተባረሩትንም በየሳምንቱ አምስት አምስት እያወጣችሁ አንብቡ። ሲስተሙ እነሱን በቀላሉ ማሳየት የማይችል ከሆነ አትግዙት።

8. ዋጋ፣ ውል እና መውጫ በር

ዋጋ በሦስት መንገድ ይመጣል፤ በተጠቃሚ ቁጥር፣ በጠቅላላ ሠራተኛ ቁጥር፣ ወይም በክፍት የሥራ መደብ። በተጠቃሚ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ የቴክኒክ ቅጥር ብዙ ጠያቂ ይፈልጋል፤ ብር ለመቆጠብ ብላችሁ ኢንጂነሮቹ አንድ አካውንት በጋራ ሲጠቀሙ ማን ምን እንደጻፈ አይታወቅም፣ ቁጥር 6 ላይ የለፋንበት ሁሉ ውኃ በላው። በሠራተኛ ቁጥር ከሆነ ድርጅቱ ባደገ ቁጥር፣ ቅጥር ባይኖርም፣ ሂሳቡ ያድጋል። በክፍት መደብ የሚያስከፍለው አልፎ አልፎ ለሚቀጥር ይሻላል።

የመጀመሪያው ዋጋ ላይ የማይታዩ ነገሮች አሉ። በአንድ የድርጅት አካውንት መግባት፣ በተለምዶ ኤስኤስኦ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ውድ በሆነው ፓኬጅ ውስጥ ነው የሚገኘው። ከሌላ ሶፍትዌር ጋር የሚያገናኘው ኤፒአዩም እንዲሁ። የማስጀመሪያ ክፍያ ይኖራል። ሁሉንም ጨምሮ የሁለት ዓመት ጠቅላላ ወጪ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ዋጋ ዋጋ አይደለም። ስለ ደኅንነትም የሶክ 2 ዓይነት ሁለት ሪፖርት ወይም የአይኤስኦ 27001 ሰርተፊኬት እንዲያሳዩ ጠይቁ፤ የሰው ሁሉ አድራሻ፣ ስልክና የደመወዝ ጥያቄ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ከዚያ ወደ መውጫው። ጉግል ሃየር የሚባል ኤቲኤስ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ጀመረው፣ በ2019 እንደሚዘጋው አስታወቀ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2020 ዘጋው። የስታክ ኦቨርፍሎው የሥራ ማስታወቂያ አገልግሎትም በ2022 ተዘግቷል። ያልተዘጋውም ይሸጣል፤ ኦራክል ታሊዮን እ.ኤ.አ. በ2012 ገዛው፣ ሌቨርን ኢምፕሎይ በ2022 ገዛው፣ ኤስኤፒም በ2025 ስማርትሪክሩተርስን ለመግዛት መስማማቱን ገለጸ። ባለቤት ሲቀየር ዋጋም ድጋፍም ይቀየራል። ስለዚህ ስትገቡ መውጫውን እዩ። ሙከራው ላይ ሳላችሁ “ሁሉንም መረጃ አውርድ” የሚለውን ተጫኑ። ምን መጣ? ስምና ኢሜይል ብቻ ያለው ሲኤስቪ (ተራ የሰንጠረዥ ፋይል) ከሆነ አይበቃም። ሲቪዎቹ፣ የኢንተርቪው አስተያየቶቹ፣ የኢሜይል ልውውጡ፣ ቀኖቹ፣ ሁሉም መውጣት አለባቸው፤ የትኛው ሲቪ የማን እንደሆነም መታወቅ አለበት። “ሲፈልጉ እኛ እናወጣላችኋለን” ካሏችሁ በስንት ቀንና በስንት ብር እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ማጥፋትም አለ። አመልካች “መረጃዬን አጥፉልኝ” ሲል ማጥፋት መቻል አለባችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ ይህን መብት ይሰጣል፣ ተመሳሳይ ሕግ ያላቸው አገሮችም ብዙ ናቸው። ሲስተሙ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አሮጌ ሲቪ በራሱ የሚያጠፋበት ቅንብር ቢኖረው ከብዙ ራስ ምታት ትድናላችሁ። አንድ የሙከራ ሰው አጥፉና በፍለጋም በሪፖርትም መጥፋቱን እዩ።

ሪፖርትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከየትኛው ምንጭ የመጣው ሰው ተቀጠረ፣ በየደረጃው ስንት ወደቀ፣ ስንት ቀን ፈጀ፤ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ፤ “ለመቅጠር የፈጀው ጊዜ” ሲሉ ከማስታወቂያው ቀን ነው ወይስ ሰውየው ካመለከተበት ቀን የሚቆጥሩት? ሁለቱ በጣም የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ያጣላሉ።

9. በአንድ እውነተኛ መደብ ሞክሩት

ከሦስቱ አንዱ ከለየላችሁ በኋላ አትፈርሙ። የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ሙከራ ጠይቁና አንድ እውነተኛ ክፍት መደብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሂዱበት። በአንዱ ብቻ፤ በአሮጌው መንገድ ጎን ለጎን አታስኪዱት፣ ሰው ሁልጊዜ ወደለመደው ይሸሻል። ሙከራ የማይሰጥ ሻጭ ካለ ቢያንስ ከሁለት ወር በኋላ መውጣት የሚያስችል አንቀጽ ውሉ ላይ ይግባ።

ለመወሰን አርባ መስመር ያለው የነጥብ ሰንጠረዥ አያስፈልግም። ሁሉም ሰባ ምናምን ያገኛሉ፣ እናንተም ከድካም የተነሳ ርካሹን ትመርጣላችሁ። ይልቅ ያን የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡ። ረጅሙ ክፍተት አጠረ? ሁለቱ ፎርም ጠሊዎች ሳይለመኑ ጻፉ? መረጃው ሙሉ በሙሉ ወጣ? ሦስቱም “አዎ” ከሆነ ፈርሙ።

ስትገቡ የድሮውን ሁሉ አግበስብሳችሁ አትምጡ። አሁን በሂደት ላይ ያሉትንና ባለፈው ዓመት ለመጨረሻ ዙር ደርሰው ያልተቀጠሩትን ብቻ አስገቡ። ሲስተሙን የሚጠብቅ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ የደረጃዎቹን ስም የሚቀይረው እሱ ብቻ ይሁን። አለበለዚያ በሦስት ወር ውስጥ “ስልክ ኢንተርቪው”፣ “የስልክ ኢንተርቪው 2” እና “ስልክ አዲሱ” የሚሉ ሦስት ደረጃዎች ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አንድ ቁጥር ብቻ ተከታተሉ፤ ኢንተርቪው ካለቀበት ሰዓት እስከ አስተያየቱ የገባበት ሰዓት ድረስ ያለውን። ሌላም ነገር አለ፤ አብዛኛው ውል ከማለቁ ከወር ወይም ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ካላቋረጣችሁት በራሱ ለዓመት ይታደሳል። ያቺን ቀን ፈልጉና፣ በፈረማችሁበት ዕለት፣ የሁለት ሰው ካላንደር ላይ መዝግቧት።